ጸዮን ለምን ከሳች

ሰው ከሳ ማለት ታመመ ማለት ነው ያለው ማነው? እኔ ተሻለች ይህን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከጸዮን ጋር በፈረንጅ አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ተጋርተን ስንኖር ከማንም በላይ የማውቃት እኔ ነበርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት የከሳችበትን ምክንያትም ከእኔና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያኔ ሃያዎቹን እንኳን አልጨረሰችም። ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከዚያ በባስ ኖርዝ ዮርክ ሄዳ ቢሮ ታጸዳለች። ታላቅ ወንድሟ ብሩህ ደግሞ ኢቶቢኮ ሰፈር ብቻውን ይኖራል። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ላይ ይተኛል። ያ ሳቂታ ልጅ ውሃ እንኳን የሚጠጣው በልክ ነበር። ጸዮን "ከእኔ አንዱን ውሰድ" ስትለው "አንቺ ገና አግብተሽ የምትወልጂ ልጅ ነሽ፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ" ብሎ ዘጋት። እሷ ግን በዚህ የምትመለስ አይደለችም። ሳትነግረው ሄዳ ተመረመረች። ደሟም ሌላውም ከእሱ ጋር ገጠመ። ሐኪሙ ግን የደም ግፊቷን ለክቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደትሽም በዝቷል። እንዲህ ሆነሽ ኩላሊት ብትሰጪ ነገ አንቺም እዚያው ማሽን ላይ ነሽ" አላት።

ቤት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እትዬ ተሻለች፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። በጾም ሰው እንዴት ይወፍራል?" አለችኝ።

እንዴት እንደሚወፈርማ እኔ ልንገራችሁ። ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። ከዚያ በሁለቱ ሥራዎች መሀል ባስ እየጠበቀች የድንች ጥብስ ከነጨው፣ ኮካ በትልቁ ብርጭቆ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ጾም ነው ብላ እኮ ነው። ከሥራ ስትገባ ደግሞ ዳቦ በሻይ፤ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። "ጾምሽን ያዢ፤ ግን ምስርና ጎመን ሞልቶ በድንች ጥብስና በኮካ አትጹሚ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጽናት በማንም ላይ አላየሁም። እሑድ እሑድ ምስሯን፣ ጎመኗን፣ ሽሮዋን ዘይት ጠብ አድርጋ ብቻ ትሠራና ለየቀኑ በዕቃ ከፋፍላ ፍሪጅ ትከታለች። ኮካውን በውሃ ለወጠች። ጨው ተወች። የሠራችውን ስቀምሰው ሣር ሣር አለኝ፤ ደብቄ ጨው ስነሰንስ ይዛኝ ተቆጣችኝ። ለእንቅስቃሴ ጊዜ ከየት ታመጣለች ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ከባሱ አመጣችው። ከሥራ ስትመለስ ሰፈራችን ሳይደርስ ትወርድና ቀሪውን በእግሯ ትጨርሰዋለች። ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ ደግሞ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሞል ውስጥ ጡረታ ከወጡ ጣሊያኖች ጋር ትዞራለች። ሽማግሌዎቹ ቀድመዋት ሲያልፉ እልህ ይይዛታል። ኤሌቬተርም ተወች፤ የእኛ ቤት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እኔ በኤሌቬተር ወጥቼ በር ከፍቼ እጠብቃታለሁ፤ እሷ በደረጃው ግድግዳ ተደግፋ ትደርሳለች።

ፋሲካ ሲመጣ ፈተና አብሮ መጣ። ዶሮውን እኔ ሠርቼ ብሩህ ቤት ይዘን ሄድን። ብሩህ ለራሱ የተፈቀደለት ትንሽ ነበረችና ደስታውን በእህቱ ሊወጣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋላት። "ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ" አለች። የወንድም ጉርሻ፣ ያውም በፋሲካ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ጉርሻውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና እስክንሄድ አላናገራትም። ባስ ላይ አለቀሰች። "አንድ ጉርሻ አይገድልሽም ነበር" ብላት "አንዱን ከተቀበልኩ በየሄድኩበት ሁሉም ያጎርሰኛል፣ እትዬ። ምክንያቱን ደግሞ ልነግረው አልችልም" አለችኝ።

ሰመር ሲገባ ደረጃውን ወጥታ እያወራች ትደርስ ጀመር። እንዴት እንደኮራሁባት እኔ ነኝ የማውቀው። መስከረም ላይ ግን ልብሷ ሁሉ ሰፋትና የሰው ዓይን ውስጥ ገባች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሙሉእመቤት የምትባል ወሬ የማያመልጣት ሴት ጠጋ ብላ "ልጅቷ ምን ሆና ነው? ያ በሽታ ይሆን እንዴ?" አለችኝ። በዚያ ዘመን ያ በሽታ ከተባለ ስሙን መጥራት አያስፈልግም ነበር። "መጀመሪያ ያንቺ ምላስ ይክሳ" አልኳትና ጥያት ሄድኩ። ወሬውን ግን ማን ያቁመው። ከጸዮን ጋር በአንድ መሶብ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ለእሷ ለብቻዋ ሳህን ያቀርቡላት ጀመር። አየች፣ ገባት፣ ሳህኑን ተቀብላ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። እኔ ብሆን ሳህኑን እደፋባቸው ነበር።

ወሬው ብሩህ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ከማሽኑ ተነስቶ፣ ክንዱ ላይ ፋሻው እንዳለ፣ በራችንን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ።

"ጸዮን፣ ተመርመሪ" አላት። "ምንም ይሁን ምን፣ እኔ አስታምምሻለሁ።"

ራሱን መሸከም ያቃተው ልጅ አስታምምሻለሁ ሲል አንጀቴን በላው።

"ጤነኛ ብሆንስ?" አለችው።

"ጤነኛ ከሆንሽማ የጠየቅሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ።"

"ማልልኝ።"

"ሚካኤልን። እትዬ ተሻለች ምስክር ይሁኑ። ሐኪም ጤነኛ ናት ካለኝ የጠየቅሽኝን እምቢ አልልም።"

ጸዮን ዞር ብላ አየችኝ። ሰኞ የመጨረሻው ምርመራ ቀጠሮዋ ነበር። ግፊቷ ወርዶ ይሁን አይሁን ገና አናውቅም፤ ካልወረደ የወራት ልፋቷም የወንድሟም ተስፋ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሰኞ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ግፊቷን ለካ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ለካ። ብሩህ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጧል። እኔ እንግሊዝኛው ብዙ ስለማይገባኝ የሐኪሙን ፊት ነው የማየው። ፈገግ ሲል ተመስገን አልኩ። ጸዮን "ለወንድሜ ይንገሩት" አለችው፤ እሱም "እህትህ ፍጹም ጤነኛ ናት" አለ። ብሩህ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

"ሚካኤልን ብለሃል" አለችው።

"ብያለሁ። ምን ላድርግልሽ?"

"ኩላሊቴን ውሰድ።"

ቀና አለ። ሐኪሙን አየ፣ እሷን አየ፣ የሰፋትን ሸሚዝ አየ። "ለዚህ ነው ጉርሻዬን እምቢ ያልሽኝ?" አላት። "ለዚህ ነው" አለችው። ሊከራከር አፉን ሲከፍት እኔ ቆጣ አልኩ። "ሚካኤልን ጠርተህ ወዴት ነው የምትሄደው? ምስክሩ እኔ ነኝ" አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ቀዶ ጥገናው ጥር ላይ ተደረገ። ሁለቱም ተርፈው በእግራቸው ወጡ።

በተከታዩ ፋሲካ ብሩህ ቤት ተሰበሰብን። ሙሉእመቤትም መጥታ ከጸዮን ጎን፣ ከዚያው መሶብ ተቀመጠች፤ ለበዓሉ ስል ዝም አልኳት። ብሩህ ምግቡን ከመንካቱ በፊት ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ከዚያ ጉርሻ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ።

"አሳንሳት" አለችው ጸዮን።

አሳነሳት።

"ጨው አለባት?"

"የለባትም። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ላንቺ ብዬ ነው።"

አፏን ከፍታ ጎረሰችለት። እኔ እንባዬ መጣብኝ። "ጨው የሌለው ዶሮ ወጥ ደግሞ ምን የሚሉት ነው" ብዬ ጨው ላመጣ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ ቶሎም አልተመለስኩ።