የተነከሰው ባትሪ

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ በረዶ ገብሱን መታው። በመስከረም ዋግ ስንዴውን ጨረሰው። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። በጥር ሰርግ የደገሰ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ብቻ ሆነ።

ሰርግ ከሌለ ፎቶ የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፎቶ ያነሳው እንዳላማው ግን፣ ሰው ሁሉ እጁን በሰበሰበበት በዚያ ዓመት አዲስ ካሜራ ልግዛ ብሎ ተነሳ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ብዙ ያወራል። እውነቱ አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ ካሜራውን በተጫነ ቁጥር ፊልሙ በራሱ ዝዝ እያለ ሲጠቀለል ሰምቶ ቀና።

የእሱ ካሜራ የብረት ነበረች። በአውራ ጣት ትጠመዘዛለች፣ ባትሪ አታውቅም። ብርሃኑን የሚለካላት እሱ ነው፤ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጥላውን አይቶ። ከበቅሎ ጀርባ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ የተሰነጠቀው የወደቀችበት ድንጋይ ነው። እሷን ሉማሜ ፎቶ ለሚያነሳው ለአካለ ወልድ ሸጠ፣ የአንድ ወይፈን ዋጋ ጨመረበትና የኤሌክትሮኒክሷን ገዛ። አዲሲቷ ብርሃኑንም ርቀቱንም ራሷ እንደምታውቅ፣ ፊልሙንም ራሷ እንደምትጠቀልል ለሚስቱ ለማሬ አስረዳት። ማሬ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

እሱ አዲሲቷን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

በየካቲት የብርጓል የምትባል ሴት ከደብረ ወርቅ ላከችበት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ለእንዳላማው በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ እምቢ ብለው ኖረው፣ ልጃቸው ለምና ለምና አንድ ቀን እሺ አሏት። እንዳላማው ሄደ። የኔታ ካባቸውን ደርበው፣ ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወይራው ሥር ቆሙ። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ከበው ያያሉ። እንዳላማው ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ቀይ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች።

ትርፍ ባትሪ አልያዘም። ስለዚህ ባላገር ሁሉ ለሬዲዮው ድንጋይ የሚያደርገውን አደረገ፤ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። የኔታ ቆመው ጠበቁ። አልሆነም። ነከሰው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተሰነጠቀው ጥርሱ ነበር። ባትሪው ላይ የቀረው ምልክት ብቻ ነው።

የኔታ ተቀመጡ። በዚህች መጫወቻ ፊት ሁለተኛ እንደማይቆሙ፣ የድሮዋን የብረቷን ይዞ ከመጣ ግን እንደሚነሱለት ነገሩት። እንዳላማው ለፋሲካ አደርሳለሁ ብሎ ሊምል እጁን አነሳ።

«መሐላውን ተወው» አሉ የኔታ። «መያዣ አስቀምጥ።»

የሚያስይዘው ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱን የነከስከውን።»

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ገባ። ስሙ «ባትሪ በል» ሆነ። ከዚያ ወዲያ ባትሪ ከአዲስ አበባ በሹፌር እያስመጣ፣ ብርድ እንዳይገድለው እንደ ታመመ ጫጩት ብብቱ ውስጥ አቅፎ ዞረ። ፋሲካ ግን አለፈ። የብረቷን ለመዋስ አካለ ወልድ ዘንድ ሄዶ፣ ስመርጥ ተሳስቻለሁ ብሎ በገዛ አፉ መናገር አለበት። ከዚህ ይልቅ ሌላ ባትሪ መንከስ ይቀለው ነበር። ገበያ ላይ የደብረ ወርቅ ሰው ባየ ቁጥር መንገድ እየቀየረ አራት ፋሲካ አሳለፈ።

በአራተኛው ዓመት ግንቦት የብርጓል እንደገና ላከችበት። አባቷ እህል ከተዉ ሳምንት አልፏቸዋል። ሲሄዱ መልካቸው አብሯቸው ሊሄድ ነው።

እንዳላማው በመጀመሪያው አውቶብስ ሉማሜ ወረደ። አካለ ወልድን ሻይ ቤት በር ላይ አገኘውና ያመጣውን ንግግር ጀመረለት፤ ካሜራ ስለ መምረጥ፣ ስለ ዘመን፣ ስለ ብርድ። መሃል ላይ ራሱ ሰለቸው።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «የብረቷን አውሰኝ። ለየኔታ ነው።»

አካለ ወልድ ከጎን ያለው ሱቁ ገብቶ ይዟት ወጣ።

«ይውሰዷት ጋሼ» አለ። «ጥርስዎን ብቻ ከእሷ ያርቁ።»

የኔታ መቆም አልቻሉም። የብርጓል ደግፋ በሩ አጠገብ አጎዛ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ካባውን አለበሰቻቸው። ሰማዩ ደመና ነው፣ ቤቱ ጨለማ። እንዳላማው መዳፉን ዘርግቶ ጥላውን ፈለገ፤ ጥላ የለም። ብርሃን የምታስገባበትን ቀለበት እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ ክርኑን መቃኑ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ያዘ። ቀጭ። በዚህ ጊዜ ጥርሱ አልነበረም። ሊደግም ሲጠመዝዝ የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አልደገመም።

ፊልሙን ቤቱ ራሱ አጠበ። ወጥቷል። ፊታቸው ከጨለማው ውስጥ፣ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ደብረ ወርቅ አደረሰው። የኔታ ገና በሕይወት ነበሩ። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ ሽማግሌ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት አባቴ» አለች የብርጓል።

«አርጅቷል» አሉና ለእሷ ሰጧት። እሷ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ከዚያ የኔታ እጃቸውን ከአጎዛው ሥር አስገብተው የተቋጠረች ጨርቅ አወጡ። ጣታቸው እምቢ ስላለ ቋጠሮውን እንዳላማው ፈታው።

«መያዣህን ውሰድ» አሉት። «ዕዳህ ወርዷል።»

ባትሪውን ተቀበለ። የጥርሱ ምልክት እንዳለ ነበር።