ስለ «ወደ ጢቾ» የጻፍኩት

ስለ ስልክ ጨዋታዎች አስተያየት እጽፋለሁ። አሰላ ውስጥ ይህን የሚያውቀው ነቢል ብቻ ነበር። ነቢል የቴሌግራም ቻናል አለው፤ አዲስ ጨዋታ ሲያገኝ ይልክልኛል፣ እኔ ተጫውቼ እጽፋለሁ፣ እሱ ያወጣዋል። ከጽሑፉ ሥር የሚወጣው ስም «ጭላሎ» ነው። የራሴን ስም የማልጽፈው ስለማፍር ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሰው «ይሄ ደግሞ ማን ነኝ ብሎ ነው?» እንዳይለኝ እፈራለሁ። ፊደል ግን አላበላሽም። የምሠራው እትዬ ሙሉዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ ስተይብ እውላለሁ፤ ስህተት ያለበት ወረቀት ከእጄ ከወጣ ምሳ አይወርድልኝም።

በግንቦት ነቢል «ወደ ጢቾ» የሚባል ጨዋታ ላከልኝ። የሠራችው ሴና የምትባል የጢቾ ልጅ ናት። በዚያ ሰሞን የወጣቶች አዳራሽ ኮምፒውተሮች ላይ ለክረምቱ የሚጫን አንድ ጨዋታ ሊመረጥ ነበር። የሚመርጡት የቻናሉ ተከታታዮች ናቸው፤ ድምፅ የሚሰጠው ቅዳሜ። ሦስት ጨዋታዎች ቀርበዋል። አብዛኛው ሰው ተጫውቶ አይደለም የሚመርጠው፤ አስተያየቱን አንብቦ ነው።

ጨዋታው ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል። ከላይ የተራራ መስመር አለ፣ ጉም ይመጣበታል፣ ይሄድለታል። የቀረው ጽሑፍ ነው። አንተ አጎትህ ሞቶብህ ከአሰላ ጢቾ ለቅሶ ለመድረስ በአውቶቡስ የምትሄድ ሰው ነህ። ጥቂት መስመር ታነባለህ፣ ከዚያ ምርጫ ይመጣልሃል፣ አንዱን ትነካለህ።

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ምርጫው «መልስላቸው» እና «ወደ መስኮቱ ዙር» ይላል። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ እንደገና የገብስ ማሳ። ከዚያ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ጎሚስታው ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አብረህ ተቀመጥ» ወይስ «ራቅ ብለህ ቁም»? ራቅ ብዬ ቆምኩ። እንዲህ እያልኩ በአርባ ደቂቃ ጢቾ ደረስኩ። ለቅሶ ቤት ስገባ የአጎቴ ሚስት አጠገባቸው አስቀመጡኝና «እስቲ፣ ማን ማን አዘነልን?» አሉኝ። የመጣልኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፦ «ዝም በል»። ነካሁት። ጨዋታው አለቀ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «‹ወደ ጢቾ› ቋንቋው ንጹሕ ነው። ነገር ግን አዝጋሚ ነው፤ አዝግሞም የትም አያደርስም። መጨረሻው አልተሠራም። ተጫዋቹ አርባ ደቂቃ ተጉዞ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልሱ ግን ጨዋታው ውስጥ የለም።» ነቢል ማክሰኞ አወጣው።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ልጅ ወደ ሱቁ ገባች። ስልኳን እንደያዘች «ደብዳቤ ትተይብልኛለህ?» አለችኝ።

«እተይብልዎታለሁ። ለማን ነው?»

«እርስዎ አትበለኝ፣ እኩያህ ነኝ። ጭላሎ ለሚባል ሰው።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ኮፒ ማሽኑ ጋር የቆሙት እትዬ ሙሉዬ ቀና አሉ። «ጭላሎ? ተራራው?»

«ተራራው በሆነ። ተራራ አስተያየት አይጽፍም።»

ሴና መሆኗ ገባኝ። ቁጭ አለችና መናገር ጀመረች፣ እኔም መተየብ። «ይድረስ ለጭላሎ። ጨዋታዬን አልተጫወትከውም። አልፈኸው ነው የሄድከው...»

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ ሙሉዬ። «ምን አድርጎ ነው?»

ሴና ጨዋታውን ነገረቻቸው። እትዬ ሙሉዬ ስልካቸውን እንኳ በሰው እጅ ነው የሚያስከፍቱት፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እና ለቅሶ እየሄደ መንገድ ላይ ለማንም አልነገረም?»

«ለማንም።»

«የማንንም ሐዘን ሳይዝ ገባ?»

«ባዶውን።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው ያሳደገው! እኔ ወደ አርቦዬ ለቅሶ ስሄድ የሃያ ሰው ቃል ይዤ ነው የምወርደው። መሄድ ያልቻለ ሁሉ ‹በእኔም ስም አጽናኚልኝ› ይላል። ለቤተሰቡ ዋናው እሱ አይደል እንዴ? እገሌ አዝኗል፣ እገሊት አልቅሳለች፣ እየተባለ ነው ልብ የሚረጋው። ጽሑፍ እየጻፈ ይሄንን አያውቅም?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንኳ ታውቃለህ አይደል ሙህሲን?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አውቃለሁ። እናቴ ወደ ሁሩታ ለቅሶ ስትሄድ የሰፈሩን ሴቶች ቃል በየስማቸው እያደረሰች ነው የምትቀመጠው። የስልክ ጨዋታ ይህን ያውቃል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ጨዋታ ውስጥ የሚያናግርህ ሰው ቶሎ እንዳትደርስ መንገድ የሚዘጋብህ ይመስለኝ ነበር።

«አባቴ ሲሞት ከአዳማ በኮንትራት መኪና ነው የመጣሁት» አለች ሴና፣ ለእትዬ ሙሉዬ። «ቶሎ ልድረስ ብዬ የትም አልቆምኩም። እናቴ ማን ማን አዘነልን ብትለኝ የምላት አጣሁ። እሷ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አለሁበት።»

«ይሄንን ልጻፈው?» አልኳት።

«አይ፣ ተወው። ይሄንን ለእሱ አልነግረውም።»

ተየብኩ። ከግርጌው ስልክ ቁጥሯን አስጻፈችኝ፣ ጭላሎ ወንድ ከሆነ እንዲደውልላት። አትሜ ሰጠኋት፤ ፎቶ አንስታ ለነቢል ላከችው። ስትወጣ «ጎበዝ ነህ፣ አንድ ስህተት የለበትም» አለችኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያወጣሁት «ቻው» የሚል ብቻ ነው።

ረቡዕና ሐሙስ በምሳ ሰዓት እንደገና ተጫወትኩት። አሁን ለሽማግሌው መለስኩላቸው። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ ሰላምታው ብቻ ስድስት ገጽ ነው። መጨረሻ ላይ «አጎትህን በወጣትነቱ አውቀዋለሁ፣ አላህ ያጽናችሁ በልልኝ» አሉ። ጎሚስታው ቤት ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት በኦሮምኛ «አከም ጅርታ» ብላ በሰላምታ ጀመረችኝ፤ ከአጎቴ ላም ገዝታ እንደነበር፣ ላሟ እስከ ዛሬ እንደምትታለብ ነገረችኝ። ጎሚስታው ራሱ እጁን ጠርጎ «እግዜር ያጽናችሁ በል፣ የጎማው ሰውዬ ብትላቸው ያውቃሉ» አለኝ። ጢቾ ስደርስ የአጎቴ ሚስት ያንኑ ጠየቁኝ። አሁን ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ተደርድሯል። አንዱን በነካሁ ቁጥር «እሱም ሰማ?» ይላሉ፣ ወይም ያለቅሳሉ፣ አንዴ ደግሞ ሳቁ። ሥራ እስክጀምር ድረስ አንገቴን አላቀናሁም።

ለነቢል ደወልኩ። «ተሳስቻለሁ፤ አስተያየቱን አንሳልኝ፣ ሌላ እጽፋለሁ።»

«አላነሳም። አንዴ ካነሳሁ ሁሉም አንሳልኝ ይላል። ነገ ከሰዓት የድምፅ ውይይት አለ፣ ገብተህ ራስህ ተናገር።»

«በድምፅ?»

«ታዲያ በእጅ ምልክት ነው?»

«ልጻፈውና አንብብልኝ።»

«አላነብም። የተሳሳትከው አንተ ነህ።»

አርብ ከጁምዓ መልስ ከሱቁ ጀርባ የወረቀት ካርቶኖች መሃል ተቀመጥኩ። ስልኩ ላይ መቶ አርባ ሰው እንደገባ ያሳያል። ነቢል «ጭላሎ የሚናገረው አለው» አለ። የምለውን በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ወረቀቱን ግን ካርቶኑ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ጭላሎ ነኝ» አልኩ።

«ድምፅህ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ አሳምነው የሚባል፣ ዘወትር የሚከራከር ልጅ። «እኛ እኮ ተራራ መስሎን ነበር!» ተሳቀ።

«ስሜ ሙህሲን ነው። ስለ ‹ወደ ጢቾ› የጻፍኩት ትክክል አይደለም። መልሱ ጨዋታው ውስጥ አለ። እኔ ነኝ ሰው ሲያናግረኝ እያለፍኩ የሄድኩት። ለመናገር ስለማፍር... ጨዋታም ውስጥ አፈርኩ። መጨረሻውን ሴና ሠርታዋለች። እኔ ባዶዬን ደርሼ ነው።»

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። «የቱ ሙህሲን?»

«ደብዳቤሽን የተየብኩት።»

«አንተ! ያንን ሁሉ እየተየብክ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ልክ ልኩን ንገሪው!» አለ አሳምነው። ነቢል ዝጋ አለው።

ሴና «እንደገና ስትጫወተው የስንት ሰው ቃል ይዘህ ደረስክ?» አለችኝ።

«የአሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱን አሁንም አልፈኸዋል።»

«ማን ነው?»

«አልነግርህም።»

ያን ጊዜ ሁሉም መገመት ጀመረ። ሽማግሌው ሁለቴ ይቆጠራሉ ያለ አለ፤ ሕፃን ልጅ ነው ያለ አለ። ብዙው ግን ጨዋታውን ገና ሊያወርደው ነበር።

ቅዳሜ ድምፁ ሲቆጠር «ወደ ጢቾ» በዘጠኝ ድምፅ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። አዳራሹን የኳስ ጨዋታ ወሰደው። ነቢል «በአንተ አይደለም፣ ሰው ኳስ ስለሚወድ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ አንብበውኝ አርብ ያልሰሙኝ ዘጠኝ ሰዎች መኖራቸውን ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫወትኩት። አውቶቡሱ ጢቾ ቆሞ ረዳቱ በሩን ሲከፍት የሚመጣው ምርጫ «ውረድ» ብቻ ነው፤ ልነካው ስል ባለጉዳይ መጣብኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ አራት ገጽ ማመልከቻ ኮፒ አደረግኩ። ስመለስ ከ«ውረድ» ሥር ሌላ መስመር ወጥቷል፦ «ሹፌሩን ተሰናበተው»። ነካሁት።

«ስትሳፈር ለቅሶ እንደምትሄድ ለረዳቱ ስትነግረው ሰምቻለሁ» አለ ሹፌሩ። «መንገዱን ሁሉ ቴፕ ያልከፈትኩት ለዚያ ነው። በእኔም ስም አጽናናልኝ።»

ለሴና መጻፍ እችል ነበር። ደወልኩላት።

«ሙህሲን ነኝ። አሥራ ሁለት።»

«ማን?»

«ሹፌሩ።»

«እስከ ዛሬ አራት ሰው ነው ያገኘው» አለች። ከዚያ ደግሞ «ዘጠኙን ድምፅ ግን አልረሳሁልህም።»

«እኔም አልረሳሁትም» አልኳት። ስልኩን ቀድሜ አልዘጋሁትም።