የውብሸት መርዶ

ባለቤቴ ውብሸት ከተቀበረ በኋላም ስላይዶቹን ማስተካከል አላቆመም።

ይህን ያወቅሁት ለቅሶ የተቀመጥንበት ፍራሽ ገና ሳይነሣ ነው። ሁለታችንም የአፈር ተመራማሪዎች ነን። በኦንላይን በሚካሄደው የአሲዳማ አፈር ጉባኤ ላይ ውብሸት ጥናቱን ሊያቀርብ፣ እኔ ደግሞ ውይይቱን ልመራ ተይዞልን ነበር። እሱ ስለሌለ ስሙን ከመጀመሪያው ስላይድ ላይ ላነሣ ብዬ የጋራ ፋይላችንን ከፈትኩት። ስሙን የያዘችው ሰማያዊ ጠቋሚ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች። ትንሽ ቆየችና «ኖራ» የሚለውን ቃል አደመቀችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ይሆናል። እኔ ደስ አለኝ። በቁሜ የሞትኩ መስሎኝ ነበርና ከልቤ ደስ አለኝ።

ድሮም የምንሠራው እንዲህ ነበር፤ እሱ ጽሑፍ ያበዛል፣ እኔ እቆርጣለሁ። «ይህን አረንጓዴ ፊደል አጥፋው፣ ዐይን ይወጋል» ብዬ በጎን ጻፍኩለት።

«እንዳትነኪው» ብሎ መለሰልኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርትሁን እህል ቅመሺ ሊሉኝ ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት።

«እየሠራ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱ ድሮም ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም» አሉና ሳህኑን አስቀምጠው ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ጻፈ። «ጨጓራዬ ዛሬም አላስቀምጥ ብሎኛል። ያ ሽሮፕ የት ነው?»

ውብሸትን የገደለው ጨጓራ አይደለም፣ ጉበት ነው። ሐኪሙ ውጤቱን የነገረው ለእሱ ሳይሆን ለወንድሙ ለታምሩ ነው። ታምሩ ለእኔ ነገረኝ፣ እኔ ለቤተ ዘመዱ። በእኛ ዘንድ ታማሚ ክፉ በሽታው አይነገረውም፤ ተስፋ ይቆርጣል ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም «ጨጓራ ነው» አልነው። የሥራ ባልደረቦቹ እንኳ ሊጠይቁት ሲመጡ «የአፈሩን አሲድ ስታክም የራስህን ረሳኸው!» ይሉት ነበር፣ እሱም ይስቅ ነበር። ሳይነገረው ታመመ፣ ሳይነገረው ሞተ። ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሕመሙ አይተወውም።

ዝም ብል ከእኔ ጋር ይቆያል፤ ግን እያመመው ነው የሚቆየው። ይህን ሳስብ ዋልኩ። ሲመሻሽ «ወገቤን ይዞኛል፣ ቁጭ ማለት አቃተኝ» ብሎ ሲጽፍ ግን ስልኬን አነሣሁና ሁለታችንንም ላስተማሩን ለጋሼ ልሳነወርቅ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ውብሸት አልሰማም» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«መሞቱን።»

«በስልክ እንዳትነግሪው። በጽሑፍም እንዳትሞክሪው» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ብቻሽንም አይሆንም። ሰው መሰብሰብ አለበት። ያ ጉባኤያችሁ በስንት ሰዓት ነው?»

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጃፓን የሚማሩት ልጆች እንዲመቻቸው ተብሎ ነው።»

«ደግ ሰዓት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው።

የጉባኤው አስተባባሪ ህሊና ነገሩን ስትሰማ «እንኳንም ስሙን ከፕሮግራሙ አላወጣነው» አለችኝ። ለተሳታፊዎቹ ሁሉ ካሜራ ከፍተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንዲገቡ መልእክት ላከች። ታምሩንም ጠራሁት። እኔ ደግሞ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አንድ ባዶ ስላይድ ጨመርኩ።

«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ ውብሸት።

«ለውይይቱ ነው» አልኩት።

በዕለቱ ስክሪኑ በነጠላ ሞላ። አንዱ የጃፓን ተማሪ ነጠላ ስላልነበረው አንሶላ ተከናንቦ ገብቷል። ማንም አልሳቀበትም። ወዲያው በመጠበቂያው ክፍል የውብሸት ስም ብቅ አለ። «አስገባ» የሚለውን ተጫንኩ።

ሆስፒታል ሳለ ይለብሰው የነበረውን ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ግራ እጁን ጎኑ ላይ አድርጓል። ወንበሩ ከእኛ ቤት ወንበሮች አንዱ አልነበረም፤ ከጀርባው ያለውም ጨለማ ነው።

ጋሼ ልሳነወርቅ «መጀመሪያ ገለጻውን ይጨርስ» ብለው በግል ጻፉልኝ። ጨረሰ። በጣም ጥሩ አድርጎ አቀረበው። እያመመውም ቢሆን አንዲት ነጥብ አልዘለለም። ባዶው ስላይድ ላይ ሲደርስ ማጋራቱን አቆመና ያኔ ፊታችንን አየ።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«ወደ ውይይቱ እንግባ» አልኩ። «የመጀመሪያውን ዕድል ለጋሼ ልሳነወርቅ እሰጣለሁ።»

ጋሼ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ተናገሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ዕንባቸው ወረደ።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ተዘግቷል» አላቸው ራሱ ውብሸት።

ከፈቱና እንደገና ጀመሩ። «ውብሸት፣ ልጄ፣ ሰው ነህ። ለሰው ደግሞ ይህ አይቀርለትም።»

«እናቴ ናት?»

«እናትህ ደኅና ናቸው።»

«ታምሩ ነው?»

ታምሩ ከራሱ መስኮት እጁን አነሣ። «አለሁ፣ ወንድሜ» አለ።

ዐይኑ ስክሪኑ ላይ እየዞረ እኔን ሲፈልግ አየሁት። «ትርንጎስ?»

«እዚህ ነኝ፣ ውቤ» አልኩት።

ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ጎኑ ላይ ያለውን እጁን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጨጓራ አልነበረም ማለት ነው» አለ።

«አልነበረም» አልኩት።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

አለቀሰ። መርዶ የሰማ ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ግራና ቀኝ ይያዛል። ውብሸትን የሚይዘው አልነበረም። መዳፌን ስክሪኑ ላይ አደረግሁ፤ ሞቃት ነበር፤ ላፕቶፑ ሲቆይ ይሞቃል። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍተው አብረውት አለቀሱ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ለቅሶው እየተንጠባጠበ ነበር የሚደርሰው። የጃፓኖቹ ከሁላችንም ዘግይቶ ይመጣል።

ሲረጋጋ ወደ እኔ ተመለከተ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ስላይዱን ትቼ ካንቺ ጋር ቁጭ እል ነበር» አለኝ።

የውይይት መሪ መልስ ሲያጣ ዕድሉን ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ ለማንም መስጠት አልቻልኩም። የታመመበት ክረምት ሙሉ፣ እሱ በዚያኛው ጠረጴዛ እኔ በዚህኛው፣ ስለ ፊደል ቀለም ስንከራከር ነው ያለቀው።

ውብሸት እጁን ከጎኑ ላይ አነሣ። ወገቡን አቃና፤ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ካየሁት ቆይቻለሁ።

«አሁን አያመኝም» አለ። ተነሣና ከካሜራው ፊት ወጣ።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን የስክሪኑ ብርሃን እሱ ከልሎት ወደነበረው ቦታ ገባ። ከኋላው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። አግዳሚዎቹ ላይ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ መጨረሻቸው አይታይም። አንዱ ሆዱን፣ አንዷ ደረቷን፣ ሌላው ጭንቅላቱን ይዟል። ከፊተኛው ረድፍ ፒጃማ የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡና ውብሸት በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው፣ ከመካከላችን የራሳቸውን ሰው እየፈለጉ፣ መስኮቶቹን ተራ በተራ ማየት ጀመሩ።