ከዶሮ መኖ አጠገብ የተገዛችው ጠመንጃ

ሰኔ ላይ የተራራ በግ የማደኛ ፈቃድ ዕጣ ወጣልኝ። እኛ ሞንታና ውስጥ ለዚህ ዕጣ በየዓመቱ ስንት ሺህ ሰው ያመለክታል፤ የሚወጣለት በጣት የሚቆጠር ነው። የወጣለት አንድ አውራ በግ ያድናል፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ማመልከት አይችልም። እኔ ሃምሳ ስድስት ሞልቶኛል፤ ግራ ጉልበቴ ደግሞ በዕድሜ ይበልጠኛል። ስለዚህ ይህ ዕጣ ለእኔ የመጀመሪያም የመጨረሻም ነበር።

ባሌ ሌላንድ ሠላሳ ሦስት ዓመት አመልክቶ አንድም ቀን አልወጣለትም። የዕጣውን ደብዳቤ ሳሳየው ሁለቴ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ስሜንም በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል ቆጠረው። በመጨረሻ «አንቺው ነሽ» አለኝ። ያን ዕለት ራት ላይ አልተነጋገርንም። በማግስቱ ልቡ ተመለሰና ጠመንጃሽን እኔ ነኝ የምሠራልሽ አለ።

ሌላንድ ሆፍስታድ ጠመንጃ ሠሪ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ጠመንጃ እሱ ፊት ስሙ አይነሣም። እያንዳንዱን በሰውየው ልክ፣ በእጁ፣ አንድ በአንድ ይሠራል፤ ተራ ለመያዝ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። ደንበኞቹ ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ባለጸጎች ናቸው፤ ተራራ ላይ ለማደን ቀላል ጠመንጃ ይፈልጋሉ። ክብደት የሚቆጥሩት እንደ ወርቅ አንጥረኛ በወቄት ነው። አንዱ ሰደፉ ውስጡ ይቦርቦርልኝ ይላል፣ ሌላው ብሎኑ ከቀላል ብረት ይሁን ይላል። ሸክም ለመቀነስ ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ የቆረጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የሚያወሩት ሆዳቸውን ጠረጴዛችን ላይ አሳርፈው ነው። እኔ የፖም ፓይ ጋግሬ አቀርባለሁ፣ ዝም እላለሁ። ሁለተኛ ቁራሽ እምቢ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። የእኔ ጠመንጃ ከተጋባን ጀምሮ በመሠራት ላይ ነው። የመጀመሪያውን የዋልነት እንጨት ሰደፍ አንድ የጥርስ ሐኪም ወደደው፣ ሄደ። ሁለተኛውን አንድ ዳኛ ወደደው፣ ሄደ። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ወደድኩት፤ እሱንም ሚስቴ የወደደችው ነው እያለ አስወድዶ ሸጠው። እስከዚያው የምይዘው አባቱ የተወልንን አሮጌ ጠመንጃ ነው። አሥር ፓውንድ ይመዝናል። ከመኪና ወርዶ አጋዘን ለመተኮስ ደህና ነው። ገደል ላይ ይዞት መንጠላጠል ግን በሬ አዝሎ ዛፍ መውጣት ነው።

በሐምሌ ለካኝ። ክንዴን፣ አንገቴን፣ ከጉንጬ እስከ ትከሻዬ። የሬሳ ሣጥን ሠሪ እንኳ እንዲህ አይለካም። ወንድሜ ጋስ ፈረሶቹን ሊሰጠኝ የሚችለው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በረዶው እንደሚቀድመኝ ነገርኩት። ጠመንጃው በነሐሴ ካልደረሰልኝ አልለማመድበትም፤ ካልተለማመድኩበት አልተኩስበትም። እንስሳ አቁስዬ ገደል ውስጥ መልቀቅ አልፈልግም። ሌላንድ ሁሉንም ሰምቶ ደርሶልሽ ታያለሽ አለኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሚስተር ፕሩዊት ከዳላስ መጣ። ጣሪያ የሚያለብስ ድርጅት ያለው ሰው ነው፤ ከእኛ ቤት ሦስት ጠመንጃ ወስዷል። ምን እንደመታባቸው ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ለእኔ የተዘጋጀውን አፈሙዝ የሌላንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አየው፣ አነሣው፣ በሁለት ጣቱ ሚዛኑን ሞከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲጨፍን አለቀልኝ አልኩ። ማታ ወደ ወርክሾፑ ወርጄ ሳይ አፈሙዙ የለም።

«አፈሙዜ የት ሄደ?» አልኩት ሌላንድን።

«ፕሩዊት በጥቅምት ለአደን እስያ ይሄዳል። አጣዳፊ ነው።»

«የኔስ?»

«አንቺማ እዚሁ አይደለሽ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ነኝ። ጠዋት መኪናዬን አስነሥቼ ናዲን ሱቅ ሄድኩ።

ናዲን የገበሬ ዕቃ ነው የምትሸጠው፤ የዶሮ መኖ፣ የአጥር ሽቦ፣ የላስቲክ ቦት። ጠመንጃዎቹ ከመኖው ከረጢት በላይ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። አንዷን ግራጫ አሳዪኝ አልኳት። ፋብሪካ የወለዳት ናት፣ ሰደፏ ፕላስቲክ፣ ጌጥ የሚባል ነገር አልዞረባትም። ትከብዳለች ብዬ ስስባት ክንዴ ሳላስበው ወደ ላይ ሄደ። ትከሻዬ ላይ አደረግኳት። ሳትለካኝ ልኬ ሆነች።

«ሌላንድ ያውቃል?» አለችኝ ናዲን።

«ሲያያት ያውቃል።»

«ቨርና፣ በናትሽ ከኔ ገዛሁ እንዳትይው። ሰውዬው የድመቱን ምግብ ከኔ ነው የሚወስደው።»

ወረቀቱን ሞላሁ፣ ናዲንም ወንጀለኛ አለመሆኔን በስልክ አጣራች፤ የማነጣጠሪያ መነጽርና ጥይት ጨምሬ ወጣሁ። በቀጥታ ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ ሄድኩ። መነጽሯን አስተካክዬ በመቶ ያርድ የወረቀት ዒላማ ላይ ሦስት ጥይት ተኮስኩ። ሦስቱን ቀዳዳ በአንዲት ሳንቲም ሸፈንኳቸው።

የዒላማውን ወረቀት ራት ላይ ከሌላንድ ሳህን አጠገብ አኖርኩት። ጠመንጃዋን ደግሞ ከጨውና ከበርበሬው ማዶ አጋደምኳት፤ መደበቅ አልወድም። ሌላንድ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ ከደረት ኪሱ መለኪያውን አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ለካ፣ ደገመ፣ ሠለሰ።

«ነፋስ በሌለበት ማንም ይመታል» አለ።

«ነፋስማ ነበረ። ኮፍያዬን ወስዶብኛል።»

በማግስቱ ጠመንጃዋን ይዞ ለብቻው ወጣ። የፋብሪካ ነገር ሲሞቅ ይዛባል፣ አሳይሻለሁ እያለ ነው የሄደው። ሲመለስ ምንም አላሳየኝም፤ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ። ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የታጠፈ የዒላማ ወረቀት አገኘሁ። አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱም አንድ ቀዳዳ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ወረቀቱን ኪሱ መልሼ ሱሪውን ሳላጥብ ሰቀልኩት።

ከዚያ ልመና ጀመረ። የጠመንጃ ሠሪ ሚስት ፋብሪካ ይዛ ወጣች ከተባለ ማን ተራ ይይዛል አለኝ። እውነት አለው፤ የምንበላው ከዚያ ነው። ግን ዕጣው የኔ ነው፣ ገደሉን የምወጣውም እኔ ነኝ። እንግዲያው አፈሙዟ ላይ ስሜን ብቻ ልቅረጽባት አለ። የሰው ልጅ ወስደህ በስምህ ልታስጠምቅ ነው አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

በአራተኛው ቀን ወርክሾፑ ውስጥ ገባና ሦስት ሳምንት አልወጣም ማለት ይቻላል። በጋስ ፈረሶች ልንወጣ አንድ ቀን ሲቀረን አንድ ጠመንጃ ይዞልኝ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ሰደፉ እንደ ማር ያበራል፣ ስሙ በወርቅ ተጽፎበታል። ቃታው ግን ከሚያስመጣበት ቦታ አልደረሰለትም።

«ቃታ የሌለው ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል?»

«ለፎቶ ነው። መተኮሱን በዚያች ተኩሺ፣ ፎቶ ስትነሺ ይህንን ትይዣለሽ።»

«አምስት ፓውንድ ለፎቶ ተራራ ላውጣ?»

«አምስት አይሞላም» አለኝ ተቀይሞ። «ሦስት ወቄት ይጎድለዋል።»

እንግዲያው አንተ ተሸከመው አልኩት። ተሸከመው።

ጋስ በፈረስ ከገደሉ ሥር አደረሰንና ተመለሰ። ከዚያ በእግር ነው። ሌላንድ ለወቄት ሲጨነቅ የኖረ ሰው፣ የማይተኩስ ጠመንጃ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ አዝሎ ሦስት ቀን ተከተለኝ። ዕረፍት ስናደርግ ጠመንጃው ጃኬቱ ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በሁለተኛው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። እኔ ግራጫዋን በእጅጌዬ ጠረግ አድርጌ ሄድኩ። እሱ የዝናብ ልብሱን አውልቆ ጠመንጃውን አለበሰ፤ ራሱ እንደ ጨርቅ ራሰ። ባቄላ ከቆርቆሮ እያወጣን ስንበላ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። አሳዘነኝ፤ ግን ጠመንጃውን አልተቀበልኩትም። እሺ ብል እስከ ቤት እኔ ነኝ የምሸከመው።

በጉን ያየው እሱ ነው፤ ይህን አልክደውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክንዴን ያዘና ማዶውን አሳየኝ። ሁለት መቶ ስድሳ ያርድ፣ ቀንዱ ዞሮ ጉንጩ ጋ የደረሰ አውራ። ከጎኔ ተኝቶ ነፋሱን በሹክሹክታ ነገረኝ። «አትቸኩዪ፣ ዞሮልሻል» አለኝ። ትንፋሼ እስኪረጋ ጠበቅሁ፣ ተኮስኩ። በጉ ሁለት እርምጃ ሄዶ በጉልበቱ ወረደ። አልተነሣም። ሌላንድ መዳፉን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቀ እጅ ነው።

በጉ ጋ ስንደርስ ያን የሚያምረውን ጠመንጃ ከመጠቅለያው ማውጣት ጀመረ።

«ቨርና፣ ይህን ብቻ ያዢልኝ።»

«የተኮስኩት በሱ አይደለም።»

«ማን ያውቃል?»

«በጉ ያውቃል።»

ነፋሱ እየበረታ ነበር፣ በጉም መገፈፍ ነበረበት። በመጨረሻ ተስማማን፤ እሱ የሱን ይይዛል፣ እኔ የኔን። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አቁመን በበጉ ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

ስህተቴ ያ ነበር። ፎቶው ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የሚገባው ሁሉ የሌላንድን እጅ ይጨብጥ ጀመር። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ ጠመንጃውን ያያሉ፣ ከዚያ ወንዱን ያያሉ፤ እኔ የደረሰኝ መጨረሻ ነው፣ እሱም እንደ ዕቃ ያዥ። «የት አገኘኸው ይህን አውራ?» ይሉታል። ሌላንድ አይዋሽም፣ ከባድ ተራራ ነበር ይላል፣ ዝም ይላል። ሦስቴ ሰማሁ። ከዚያ አስቀምጬ ነገርኩት። እኔ ሁለተኛ ዕጣ የለኝም፣ ያለኝ ይሄ አንድ በግ ነው፣ እሱንም በዝምታህ እየወሰድክብኝ ነው አልኩት። እኔ ከተናገርኩ አንተ ታፍራለህ፤ ስለዚህ ራስህ ተናገር።

በኅዳር ሚስተር ፕሩዊት ከእስያ ተመለሰ። ጠመንጃው ግሩም ነው፣ እንስሶቹ ግን ሩቅ ነበሩ አለ። ፎቶውን ሲያይ ዞሮ የሌላንድን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ፓይ እየቆረስኩ ነበር፤ ቢላዬን አቆምኩ። ሌላንድ እጁን ሳያስለቅቅ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ፎቶው አየ።

«የገደለችው ቨርና ናት» አለ። «ዕጣውም የሷ ነው። በዚያች በግራጫዋ ነው። ከናዲን ሱቅ ናት።»

ፕሩዊት ሳቀ። ሌላንድ አልሳቀም። ወደ ቤት ገብቶ ግራጫዋን አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። ሰውየው ከፍ ዝቅ አደረጋት፣ አነጣጠረባት። ፊቱ መንገድ ላይ ቦርሳው እንደጠፋበት ሰው እየሆነ መጣ። አራት ጠመንጃ ነው እኮ የወሰደው።

«ከኔዋ በስንት ትከብዳለች?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሰባት ወቄት» አለ ሌላንድ።

«ሰባት ወቄት» አለ ፕሩዊት፣ ደሙ ወደ ፊቱ ተመለሰ። «ወይዘሮ ቨርና፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ሰባት ወቄት ተራራ ላይ ቀልድ አይደለም።» ይህን ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ መቆሙ አድክሞታል። ፓዩን በልቶ ሲጨርስ አምስተኛውን አዘዘ።

መኪናው ከሄደች በኋላ ሌላንድ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛውን ሲወለውል ቆየ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቅዳሜ አጋዘን አደን ልወጣ ነበር፣ ያቺን ብትሰጪኝ አለኝ።

«የቷን?» አልኩት፣ ስሟን ከአፉ መስማት ፈልጌ።

«የፋብሪካዋን።»

ውሰዳት፣ ስትመልሳት ግን ጠርገህ አድርቀህ አልኩት።