የባብክር ውሃ

ቀትር ላይ መንገዱ ጭር ሲል የሲታና ኩባያ ይንኳኳ ነበር። ሰው የለም፤ ነፋስም የለም። ኩባያው ብቻ መንገድ ዳር ካቆመችው የውሃ በርሜል ጋር እየተጋጨ ኳ፣ ኳ ይላል። ወጥቼ ሳይ የታሰረበት ሰንሰለት ይወዛወዛል፣ ከሥሩም አፈሩ ርሷል። እኔ ራውዳ፣ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ፣ ጂን ሲወራ የምስቅ ሴት ነኝ። ያን ድምፅ ስሰማ ግን በሬን እዘጋ ነበር።

በርሜሉን ያመጣው ልጇ ባብክር ነው። ጥጥ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ፣ ሲስቅ ሠፈሩን የሚቀሰቅስ ጎረምሳ ነበር። እናቱ ከቦዩ ውሃ ስትመላለስ አሳዘነችውና አንድ ቀን ከማሳ ሲመለስ ባዶ ሰማያዊ በርሜል ተሸክሞ መጣ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘነው። ላብ አጥምቆታል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች። ጤና ጣቢያ ሳናደርሰው ሞተ። ግማሹ ፀሐይ መታው አለ፤ ግማሹ ዓይን በላው አለ።

አርባው ሲወጣ ሲታና በርሜሉን መንገድ ዳር፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር አቆመችው። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው የመንገደኛ ውሃ ይቀመጥለታል፤ የጠጣ ሁሉ "አላህ ይማረው" ይላል፣ ምርቃቱም ለሟቹ ይደርሳል። ሌላው ሰው የሚያቆመው የሸክላ ጋን ነው።

"ጋን ልግዛልሽ?" ብላት፣

"የልጄ እጅ ያረፈበት እያለልኝ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ወደ መደኒ ከተማ የሚያልፉ የጭነት ሾፌሮች ወርደው ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። እሷ በሩ ጀርባ ተቀምጣ ምርቃቱን ትለቅማለች። ሌላ ምግብ አላማራትም።

"ዝንብ እንኳ አያርፍበትም" አለችኝ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ። "አየሽ ራውዳ? ልጄ ሸሂድ ነው፤ ሰማዕት።"

እውነትም አንድ ዝንብ አልነበረም። ቀትር ላይ ኩባያው ሲንኳኳ ደግሞ "መጣ" ትላለች። እርጥቡን አፈር በመዳፏ እየዳሰሰች "ጠምቶት ነው፤ ይኸው ያንጠባጠበው" ትለኛለች። ምን ልበላት? ደስ ያላትን እናት ማን ይቀማል?

የለቀማ ወቅት ገባ። ከምዕራብ የመጣች ጥጥ ለቃሚ፣ ሕፃን ያዘለች፣ በርሜሉ ጋ ቆመች። ኩባያውን ደጋግማ ጨለጠች፣ ባብክርን መረቀች፣ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። የባሚያ ወጤን እሳት ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ሕፃኑን ከጀርባዋ ስፈታ ዓይኗን አየሁት። ብሌኗ የመርፌ ጫፍ አክላለች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

ጤና ጣቢያ መርፌ ወጓት፣ ነፍሷ ተረፈች።

"መድኃኒት የረጨ ሰው አለ?" አለኝ ሐኪሙ።

"በለቀማ ማን ይረጫል?"

"እንግዲያው ምንድን ነው የጠጣችው?"

ቀጥ ብዬ የተባይ መድኃኒቱ መጋዘን ጠባቂ ወደሆነው፣ ሁላችንም አሚ፣ አጎቴ እያልን ወደምንጠራው ሽማግሌ ወደ ሐምዱን ሄድኩ። ጓንቱን አጥልቆ መጣ። ክዳኑን ገለጥ ሲያደርገው ከሙቀቱ ጋር የከረመ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ወጣ። በርሜሉ ጎን ላይ የመርዝ ምልክት የሆነው የራስ ቅል ሥዕል በቢላ የተፋቀበትን ቦታ አሳየኝ።

"ባዶውን በርሜል ሁሉ በመቆፈሪያ እየበሳሁ የምቆልፍበት ለዚህ ነው" አለ። "ይሄ መጋዘን ሳይመለስ ከማሳው የቀረ ነው።"

ሲታና ከቤት ወጣች። "ታጥቧል እኮ! በአሸዋ፣ በሳሙና ፈትጎታል ልጄ!"

"እህቴ፣ ፕላስቲክ መርዙን ይጠጣዋል። ጠጥቶ ይይዝና ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይተፋዋል። ስታጥቢው ብትውይም አይለቅ።"

"ውሸታም! ልጄን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው የመጣኸው!" በርሜሉን በሁለት እጇ አቀፈችው።

አሚ ሐምዱን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገር ማለስለስ አልችልበትም።

"ሲታና፣ የሴትየዋን ዓይን አይቼዋለሁ። የባብክር ዓይን ነው" አልኳት።

እጆቿ ቀስ ብለው ለቀቁ። ኩባያውን በሰንሰለቱ ይዛ አነሳችው።

"አጥቦ ሞላውና በዚህ ቀድቶ አመጣልኝ" አለች። "'ዩማ፣ እናቴ፣ ቀድመሽ አንቺ ቅመሺው' አለኝ። ጾመኛ ነበርኩ። 'እንግዲያው ያንቺንም እኔ ልጠጣልሽ' ብሎ ሳቀብኝ። ጨለጠው።"

ከዚያ ወደ አውራ መንገዱ ዞረች። "እነዚያ ሾፌሮችስ? የት ደረሱ?"

የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አናውቅም። መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር እሷም እኔም የት መንገድ ላይ እንደሆነ እንጠይቃለን።

ውሃውን ከቦዩ ራቅ አድርገን ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው። አሚ ሐምዱን መቆፈሪያውን ሲያነሳ "ለኔ ስጠኝ" አለችው። ጓንቱን አጠለቀላት። በርሜሉን ወጋችው፤ ደግማ ደጋግማ ወጋችው፤ እሱ ቀስ ብሎ እስኪቀበላት አላቆመችም። ከዚያ ጭኖት ሄዶ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት።

"ልጄ እየጠጣ አልነበረም ራውዳ" አለችኝ ደጃፏ ላይ። "ሰው እንዳይጠጣው እየደፋው ነበር። እኔ ደግሞ መልሼ እሞላው ነበር።"

ጋኑን እኔ ገዛሁ። ኒሙ ሥር ቆሟል፤ አዲስ ኩባያ ታስሮለታል፤ ዝንቡም መጥቷል። መንገደኛ ይጠጣል፣ ይመርቃል። ቀትር ላይ ግን ጭር ነው፤ አፈሩም ደረቅ ነው።

"እሰይ፣ አረፈልሽ" አልኳት ላጽናናት ብዬ።

"አዎ" አለች። "እንግዲህ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም።"

ቀትር ሲሆን ግን አሁንም በሩ ጀርባ ትቀመጣለች። እኔም ከግድግዳው ወዲህ፣ በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ።