የአሰልጣኝ ጉተማ ፔርሙዝ

“ይኸው፣ ሄሞግሎቢኗ አሥራ አራት! ደም ማነስ የለባትም ማለት ነው” አለ አሰልጣኝ ጉተማ፣ የምርመራውን ወረቀት ከከሪማ እጅ ለመንጠቅ ምንም ሳይቀረው። “እንግዲህ ለንሳ፣ ዛሬውኑ ወደ ቤትሽ ወደ ጌዶ ትሳፈሪያለሽ።”

ለንሳ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ካምፕ ከመግባታቸው በፊት፣ ወሩን ሙሉ እዚሁ አምቦ ላይ የሚቀድማት አልነበረም። ተራራው ላይ ወዳለው ሐሮ ወንጪ ካምፕ ከገቡ ወዲህ ግን፣ ሌሎቹ ስምንት ሯጮች ከፍታውን ለምደው ሲጠነክሩ፣ እሷን ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ ይከዳታል። እሁድ የአንድ ሩጫ ክለብ ማጣሪያ አለ፤ ክለቡ የሚቀጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጉተማ ጎበዝ አሰልጣኝ ነው፤ ላልገባው ነገር ግን ቶሎ ስም ያወጣለታል። ደብተሩ ላይ ከስሟ ጎን “ሰነፍ” ብሎ ጽፏል። ለንሳም አይታዋለች።

“ኦቦ ጉተማ፣ ይቀመጡ እንጂ” አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከሪማ። “ሌላ ወረቀት አለ። ነገሩ ቢከነክነኝ ለንሳን አስፈቅጄ ናሙናውን አዲስ አበባ ልኬው ነበር። ደሟ ደህና ነው፤ ሰውነቷ ያጠራቀመው አይረን ግን አልቋል።”

“ያ ዋቅ! በየቀኑ የአይረን ኪኒኑን በእጄ እየሰጠኋት?”

“ከፍታ ላይ ሰውነት አዲስ ደም ለመሥራት ይጣደፋል። ለዚያ አይረን ይፈልጋል፤ ካጣ ካስቀመጠው ይወስዳል። የምትውጠው የት እንደሚገባ ነው እኔንም የገረመኝ።” ወደ ለንሳ ዞረች። “በምንድን ነው የምትውጪው?”

የለንሳ ዓይን ጉተማ እግር ሥር ወደተቀመጠው ፔርሙዝ ሄደ።

“በሻይ ነዋ!” አለ ጉተማ በኩራት። “ከልምምድ በኋላ፣ ወፈር አድርጌ አፍልቼ። ወንጪ እኮ ብርድ ነው!”

ከሪማ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ሻይ አይረኑን ይይዘዋል፣ ኦቦ። አብዛኛው ሰውነቷ ውስጥ አይገባም።”

“ሌሎቹስ? እነሱም ይጠጣሉ!”

“ምናልባት ሲመጡ ያጠራቀሙት ነበራቸው። እነሱንም ያምጧቸውና እንያቸው።”

“እሁድ ልሩጥ?” አለች ለንሳ በቀስታ።

“ሐኪሙ ይወስናል። ግን የጎደለው በሳምንት አይሞላም እህቴ፤ ወራት ይወስዳል።”

የለንሳ ዓይን እንባ ሞላ። ጉተማ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ የማውቀው ይበቃል ብሎ ኖሮ፣ አንዲት ልጅን በገዛ ሻዩ ወደ ኋላ አስቀርቷታል።

“ታዲያ ጌዶ ልሂድ፣ አሰልጣኝ?”

“የትም አትሄጂም። አምቦ ሆነሽ ትታከሚያለሽ።”

ደብተሩን አውጥቶ “ሰነፍ” የሚለውን ሰረዘና ከሥሩ ጻፈ፦ “ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻይ የሰጠኋት እኔ ነኝ።” ከዚያ ገጹን ቀደደና ከምርመራው ወረቀት ጋር አያያዘው።

“ይህ ለማን ነው?” አለች ከሪማ።

“ለክለቡ” አለ ጉተማ። “ሰንፋ እንዳልቀረች ይወቁትና ዕድሏን ያቆዩላት። ራሴ እወስደዋለሁ።”