ራሷን የምታጠብቅ ብሎን

የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ መኪና ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፤ ሽማግሌውም ከሁለታችን እሷን ነው የሚያምኑት። ባለፈው ወር መሪዋ ከበደ። ለማዞር ሁለት እጅና ትከሻ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ እንደዛገ በር ሲጢጥ ይላል።

«ይኸው ሥራህ መጣ» አለች ባለቤቴ። «የሰው መኪና ሁሉ እየጠገንክ የአባቴ ካቃተህ ቤተሰቡ መሳቂያ ነው የሚያደርግህ።»

ሃያ ስምንት ዓመት መካኒክ ሆኜ በአንድ መሪ ስሜን አላስደፍርም ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ መሪውን ባዞረው አሁንም ድርቅ አለ፤ ጥፋቱ ከጎማው አይደለም። ጎማዎቹን ከመሪው ሳጥን ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ስፈታ ጎማዎቹ በጣት ተንቀሳቀሱ። እንግዲያው ነገሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። እውነትም የሳጥኑ ማስተካከያ ብሎን ከልክ በላይ ጠብቃ ጥርሶቹን ታፋትጋለች። ሩብ ዙር አላላኋት፣ ዘይት ጨመርኩ፤ መሪው ቅቤ ሆነ። ምሳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ችሎታዬ አወራሁ።

በሳምንቱ ተመልሶ ደረቀ። ብሎኗን አላላኋት። በሦስተኛው ቅዳሜም ያው። የባለቤቴ ወንድም፣ «ሌላ መካኒክ ቢያያትስ?» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ኮፈኑ ሥር ተደፍቼ አሰብኩ። ብሎን በራሱ ይላላል እንጂ በራሱ አይጠብቅም። ጭንቅላቷ ላይ ደግሞ አዲስ ጭረት አለ። ቀና ስል አማቴ አጠገቤ ቆመዋል።

«አባባ፣ ይህችን ብሎን የሚያጠብቃት ማነው?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል!» ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አሉ። «ባለፈው ወር ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ። አላየሁትም። አንዲት እናት ልጇን ጎትታ አተረፈችው።» መኪናዋን ተደገፉ። «ዐይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ግን አባባ ዐይኑ ጠፋ ብለው ቁልፉን ከሚቀሙኝ፣ መኪናዋ አረጀች ይበሉ።»

አንጀቴን በሉኝ። ግን እኔም ሰው ነኝ። «የእኔስ ስም?»

«አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ታድሰዋለህ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ምሳ ላይ ባለቤቴ፣ «እሺ፣ ተሠራች?» አለች። ሁሉም መብላቱን ትቶ ጠበቀኝ። አማቴ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«አልቻልኳትም» አልኩ። «ከእንግዲህ ትቁም።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቁን በውሃ ዋጠው። ባለቤቴ ልትናገረኝ አፏን ስትከፍት አማቴ እጃቸውን አነሱ።

«ተይው፣ ልጄ። ያቅሙን ሞክሯል።»